ፋታ ያላገኘው ካቢኔ፤ የልጅ እንዳልካቸው መኮንን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ



በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ቀብር ሥርዓት ብዙ ይጻፋል። እኛ ደግሞ በዚህ እትም ስለ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሕይወትና አሟሟት ጥቂት ለማለት ወደድን። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ የእኚህ ሰው ዕድል ከአገራችን ከወሎ ረሃብ ጋር የተሳሰረ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሲሞቱ ለቀስተኛና ቀባሪ ያላገኙ በመሆናቸው ነገሩ የቅሬን ሰው በቀጥታ ይመለከታል።

ልጅ እንዳልካቸው መኮንን በ1919 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ያገለገሉ፣ በደራሲነታቸውም የታወቁ ነበሩ። ልጃቸው እንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ከዚያ ሲመለሱ የሹመት መንገድ ተከፍቶ ጠበቃቸው፤ በለንደን አምባሳደር፣ ቀጥሎም የንግድና የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆኑ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት አባል በነበረች ጊዜ፣ አገራችንን ወክለው ኒውዮርክ የተቀመጡት እርሳቸው ነበሩ። በ1964 ዓ.ም. ዑ ታንት ከድርጅቱ ዋና ጸሐፊነት ሲለቁ፣ በምትካቸው ከታጩት አንዱ ልጅ እንዳልካቸው ነበሩ። ቦታው ግን ለኦስትሪያዊው ለኩርት ቫልድሃይም ሆነ።

እንግዲህ በዓለም መድረክ ይህን ያህል የሚታወቁት ሰው፣ በአገር ውስጥ በጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ የመገናኛ ሚኒስትር ነበሩ። የእኛም ታሪክ ከዚህ ይጀምራል።

በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ዝናቡ በወሎ ከዳ። በየጁ፣ በራያና በአፋር ቆላ እህሉ ጠፋ፣ ከብቱ አለቀ። ገበሬው በሬውን ሸጦ፣ ሞፈርና ቀንበሩን አንድዶ፣ ልጆቹን እየጎተተ ወደ አውራው መንገድ ወረደ። ከደሴ በመርሳ፣ በወልዲያና በቆቦ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ ዳርና ዳሩ ሰው ብቻ ሆነ። ከአዲስ አበባ ወልዲያ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪና ይሄዳል፣ ፖስታም ይደርሳል። ታዲያ የዚህ ሁሉ ሕዝብ ሞት ሚኒስትሮቹ ዘንድ እንዴት ሳይሰማ ቀረ? ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም። ጉዳዩ የመንግሥትን ስም ያጎድፋል ተብሎ ታፍኖ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ መጥተው ያነሡትን ፎቶግራፍ በ1965 ዓ.ም. በግቢያቸው አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለሙን ሁሉ አስደነገጠ። የሞተው ሰው ብዛት እንደ ገማቹ ይለያያል፤ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይባላል። ከእነዚህ ውስጥ ጥሩምባ ተነፍቶለት፣ ድንኳን ተተክሎለት የተቀበረ ስንቱ ነው? ቅሬው ራሱ ተርቦ፣ ቀባሪውም ተቀባሪውም እኩል ደክመው ነበርና።

የ1966 ዓ.ም. የካቲት በዚህ ላይ መጣ። በጥር ወር በነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግብና በውሃ ጉዳይ አምፀው ነበር። በየካቲት መምህራን ሥራ አቆሙ፣ የነዳጅ ዋጋ ስለ ናረ ባለ ታክሲዎች አድማ መቱ፣ ተማሪውም አደባባይ ወጣ። የካቲት 20 ቀን የአክሊሉ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ልጅ እንዳልካቸውን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ሾሙ።

አዲሱ ካቢኔ መልካም ሰዎች አልጎደሉትም። ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበ፣ ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴ፣ ልጅ ሚካኤል እምሩና ጋዜጠኛው አሐዱ ሳቡሬ ነበሩበት። የገባውም ቃል ትንሽ አልነበረም። የመሬት ይዞታ ይሻሻላል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠሪነቱ ለፓርላማ ይሆናል፣ ሕገ መንግሥቱም በስድስት ወር ውስጥ ተረቅቆ ይቀርባል ተባለ። የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽንም የተቋቋመው በዚያው በ1966 ዓ.ም. ነው። ካቢኔው ሕዝቡን የለመነው አንድ ነገር ነበር፤ ፋታ ይሰጠን አለ። ይህች ፋታ የምትባል ቃል እስከ ዛሬ ከልጅ እንዳልካቸው ስም ጋር ተያይዛ ትነሣለች።

ፋታውን ግን ማን ይስጥ? የሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በየካቲት መጨረሻ ለአራት ቀናት ያህል አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ሚያዝያ 12 ቀን በአዲስ አበባ እስላሙ፣ ከጎኑም ክርስቲያኑ፣ የሃይማኖት እኩልነት ይከበር ብሎ ታላቅ ሰልፍ ወጣ። ለእኛ እስላምና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ለሚቀባበርበት አገር ሰዎች ይህ ጥያቄ እንግዳ አልነበረም። ተማሪው ደግሞ የመኳንንት ልጅ በመኳንንት ቢተካ ምን ለውጥ አለው ይል ነበር። በዚያው በሚያዝያ ወታደሮች የቀድሞዎቹን ሚኒስትሮች ሰብስበው አሰሩ። ልጅ እንዳልካቸው ትናንት አብረዋቸው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ሲታሰሩ በሥልጣን ላይ ነበሩ። ያ ገመድ ወደ እርሳቸውም እንደሚዞር ለማየት ሦስት ወር በቂ ሆነ።

ሰኔ 21 ቀን ደርግ ተቋቋመ። ሐምሌ 15 ቀን ልጅ እንዳልካቸው ከሥልጣን ወርደው ልጅ ሚካኤል እምሩ ተተኩ፤ ጥቂት ሳይቆይ ልጅ እንዳልካቸው ታሰሩ። ካቢኔያቸው የኖረው አምስት ወር እንኳ አይሞላም። የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ በነሐሴ ተጠናቆ ነበር፤ ሥራ ላይ የሚያውለው ግን አልተገኘም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የወሎው ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕል ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ቀድሞ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን የወሎን ረሃብ ጉዳይ ይዞ፣ ማን ምን ያውቅ ነበር፣ ማንስ ዝም አለ እያለ ባለሥልጣኖቹን ይመረምር ነበር። እኛ እንደምናስበው ለወሎ ሟቾች የሚገባው ይህ ነበር። ጥያቄው በአደባባይ ተጠይቆ፣ መልሱ ተሰምቶ፣ ዳኛ ፍርዱን ቢሰጥ ኖሮ፣ መንገድ ዳር የወደቀው ሰው ዘመድ እውነቱን ባወቀ ነበር። ይህ ሊሆን አልቻለም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተገደሉ። አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኮንን፣ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ በአንድ ሌሊት አለቁ። በረሃቡ ምክንያት ተገደሉ ተብሎ ተነገረ። ልጅ እንዳልካቸው ገና 47 ዓመታቸው ነበር። ሬሳቸው ለቤተሰብ አልተሰጠም፤ በእስር ቤቱ ግቢ በአንድ ጉድጓድ ተደፋ። ማልቀስም፣ ድንኳን መትከልም የሚያስፈራ ሆነ።

ወገኖቻችን፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በወሎ ሕዝብ ስም ተገደሉ ተባለ እንጂ ለወሎ ሕዝብ ምን ተረፈው? ምርመራው ከሰዎቹ ጋር አብሮ ተቀበረ። በረሃብ ስም ሥልጣን የያዘው መንግሥት፣ በ1977 ዓ.ም. ያው ረሃብ በዚያው መንገድ ላይ ሲደገም፣ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድግስ ያከብር ነበር። ወሬውን ማፈኑም እንደ ፊተኛው ሆነ። የሚጠይቅ ሲጠፋ ጥፋት ይደገማል ማለት ይህ ነው።

የወታደሩ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። ያን ጊዜ በሐምሌ ወር ቻርተር ጸድቆ፣ 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤትና የሽግግር መንግሥት ተቋቋመ። ያ የሽግግር ዘመን ብዙ ተብሎለታል፣ ብዙም ተብሎበታል፤ በአንድ ነገር ግን የቅሬ ሰው ሊያመሰግነው ይገባል። የነዚያ 60 ሰዎች አጽም ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ጸሎት ተደርጎለት፣ ቤተሰቡ አልቅሶ፣ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አረፈ። የደርግ ባለሥልጣናትም ፍርድ ቤት ቀረቡ። ክርክሩ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታት ወስዶ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ ተሰጠ። ለልጅ እንዳልካቸው የተነፈጋቸው ዳኛና ጠበቃ፣ ለገዳዮቻቸው ተሰጠ ማለት ነው። ይህም ተገቢ ነበር።

እኛ ልጅ እንዳልካቸውን ጻድቅ ለማድረግ አልጻፍንም። ወሎ ስትራብ ከሚኒስትሮቹ አንዱ ነበሩ፤ መጠየቅም ነበረባቸው። ነገር ግን መጠየቅ ሌላ፣ መግደል ሌላ። ቅሬ ሲቋቋም አባቶቻችን ያሰቡት ይህን ይመስለናል። ሬሳ ሲወድቅ የቅሬ ዳኛው ሟቹ ባለዕዳ ነበር ወይስ ባለሀብት፣ እስላም ነው ወይስ ክርስቲያን ብሎ አይመርጥም፤ ሰውየውን በክብር እንቀብረዋለን። የሂሳቡን ነገር ደግሞ መዝገብ ከፍተን፣ ጉባኤ ጠርተን በቀን ብርሃን እንጠያየቃለን። ሁለቱን የቀላቀለ መንግሥት ምን እንዳደረሰ አይተናል።

ከመርሳ እስከ ወልዲያ ባለው መንገድ ዳር ስማቸው ሳይጠራ የወደቁት ወገኖቻችን ካቴድራል የላቸውም። ሐውልታቸው የእኛ ትውስታ ነው። ስለዚህ ለቀብር በተሰበሰብን ቁጥር ለእነርሱም ዱዓና ፍትሐት እንዲደረግ፣ በየሰፈሩ ያሉ ሽማግሌዎችም የሚያስታውሱትን የሟች ስም ለቅሬው ጸሐፊ እያስመዘገቡ እንዲያቆዩልን በትሕትና እናሳስባለን።

ነፍስ ይማር።