አርተር ራምቦ በሐረር፤ የነጡት ሥዕሎች

ሐረር ጀጎል ገብቶ የራምቦን ቤት የማይጠይቅ እንግዳ ጥቂት ነው። ያ ባለ ቀለም መስተዋት ቤት ግን ሰውየው ከሞተ በኋላ የተሠራ ነውና፥ ስለ ቤቱ ትተን ስለ ፎቶግራፍ መሣሪያው እናውራ።

አርተር ራምቦ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1854 በፈረንሳይ አገር በሻርልቪል ከተማ ተወለደ። በሃያ ዓመቱ ገደማ፥ ስሙን ያስጠራውን ግጥም ትቶ አገር ላገር ዞረ። በ1880 መጨረሻ የባርዴ ኩባንያ ሠራተኛ ሆኖ፥ ቡናና ቆዳ ሊገዛ፥ ግብጾች ይዘዋት ወደነበረችው ሐረር ገባ።

በ1883 ከሊዮን ያስመጣው የፎቶግራፍ መሣሪያ ደረሰው። ሰው ሁሉ ለመነሣት እንደሚፈልግ፥ ለአንድ ሥዕል አንድ ጊኒ የሚሰጥም እንዳለ ለቤተሰቡ ጻፈ። በሜይ ወር የራሱን ሦስት ሥዕሎች ላከ፤ አንዱን በቤቱ ሰገነት፥ አንዱን በቡና፥ አንዱን በሙዝ አትክልት ውስጥ የተነሣውን። ሁሉም ነጥተው ነበር። እርሱም ያጠበበትን መጥፎ ውሃ ወቀሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የቆመው በብር ጨው ላይ ነበር። በጨው ውስጥ ብሮሚን ወይም ክሎሪን አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን ይዞ ይቀመጣል፤ ይኸውም አሉታዊ አዮን ይባላል። ብርሃን ሲመታው ኤሌክትሮኑ ያመልጣል፤ የብሩ አዮን ይቀበለውና ጥቁር ብር ይሆናል። ኤሌክትሮኑን ያጣው ብሮሚን ራዲካል ሆኖ ይቀራል። ብርሃን ያልነካው ጨው በሃይፖ ይታጠባል፤ ሃይፖው ራሱ በብዙ ንጹሕ ውሃ ካልወጣ ደግሞ ቀስ በቀስ ብሩን ይበላዋል። በእኔ ግምት ጥፋቱ የውሃው መክፋት ብቻ ሳይሆን የእጥበቱም ማነስ ነው፤ ውሃ ከምንጭ ተቀድቶ በሚመጣበት ከተማ ግን ማን ይፈርድበታል?

ይህ የኤሌክትሮን ማምለጥ ኋላ ራሱን የቻለ ጥናት ሆነ። በ1967 በአሜሪካ አገር ሊቃውንት የሂሊየምን አሉታዊ አዮን በሌዘር መቱ። የሌዘሩ ጉልበት የታወቀ ስለሆነ፥ ያመለጠው ኤሌክትሮን የያዘውን ጉልበት ለክተው ሲቀንሱ፥ አቶሙ ኤሌክትሮኑን ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘው ተገኘ። ለብቻው ያለ ብሮሚን በ3.36፥ ክሎሪን በ3.61 ኤሌክትሮን ቮልት ይይዘዋል። ራምቦም ሳያውቀው በሐረር ፀሐይ ኤሌክትሮን ሲያስለቅቅ ነበር ማለት ነው።

በ1885 መሣሪያውን እያዘነ ሸጠ። በ1888 ወደ ሐረር ተመልሶ፥ ኋላ ራስ የሆኑት ደጃዝማች መኰንን በሚገዙበት ዘመን ንግድ ከፈተ። በ1891 ጉልበቱ አብጦ መራመድ ስላቃተው፥ 16 ተሸካሚዎች በቃሬዛ እስከ ዘይላ ወሰዱት። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በኖቬምበር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ሞተ። ሥዕሎቹ ዛሬም ፈረንሳይ አገር አሉ፤ ፊቱ ግን በደንብ አይለይም።