ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛና የመቅደላ ቅርስ

ደጃዝማች ካሣ ምርጫ በጥር ወር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ተብለው ነገሡ። በነሐሴም ወር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተማረኩት መጽሐፈ ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል እንዲመለሱ ለእንግሊዝ መንግሥት ጻፉ። በመጽሐፉ የአገሩ ሕግ፥ የሹማምንቱና የአድባራቱ ስም ተጽፎበት ነበርና፥ ያለ እርሱ ሕዝቡ እንደማይታዘዝ አስረዱ።

መጽሐፉ ተመለሰ፤ ስለ ሥዕሉ ግን አልተገኘም የሚል መልስ መጣ። ሥዕሉ ግን የጥንት ዕቃ እንዲመረምር ከዘመቻው ጋር በተላከው በሪቻርድ ሆምስ እጅ ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱም ሥዕሉ ሳይመለስላቸው በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ቈስለው ዐረፉ።

የጥንቱን ዘመን መመርመር የተከበረ ሥራ ነው፤ ነገር ግን መርማሪው ያገኘውን ከባለቤቱ ከሰወረ፥ ታሪክን ቀበረ እንጂ አልገለጠም።