ጉልየልሞ ማርኮኒ፦ ከቦንጋ ዋይፋይ እስከ ጎጀብ ወንዝ

በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ የአንድ ጣልያናዊ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ሰውዬው ጉልየልሞ ማርኮኒ ይባላል። ብዙ ጊዜ ስሙ የራዲዮ አባት ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፍና ነገሩ እዚያው ያበቃል። እኔን ግን ሁለት ነገሮች እንቅልፍ ነሱኝ። አንደኛው፣ ዛሬ ቦንጋ ውስጥ ሰዉ በየቤቱ የሚያስገባው የዋይፋይ ካሜራና አምፖል ግንኙነቱ እየጠፋ ሲያስቸግር፣ ችግሩ ማርኮኒ ከ120 ዓመት በፊት ሲታገለው የኖረው ችግር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰውዬው በመጨረሻ ዘመኑ ከማን ጋር ቆሞ እንደነበር ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የኛን ስጠቀም እናገራለሁ።

ማርኮኒ በ1874 ቦሎኛ ከተማ ውስጥ ከሀብታም ጣልያናዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ። እናቱ አኒ ጄምሰን በውስኪ ከታወቀው የጄምሰን ቤተሰብ ናት። ልጁ አብዛኛውን ትምህርቱን የተማረው ቤት ድረስ በሚመጡ አስተማሪዎች ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪ አልያዘም። የፊዚክስ ሊቅ የነበረው አውጉስቶ ሪጊ ግን ይረዳው ነበር።

በ1895 ማርኮኒ 21 ዓመቱ ነበር። እኔ አሁን ያለሁበት ዕድሜ ማለት ነው፤ ሲያነቡት ትንሽ ያስቀናል። ቪላ ግሪፎኔ በሚባለው የቤተሰቡ የገጠር ቤት ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል ሆኖ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እየፈጠረ፣ ብልጭታው የሚያወጣውን ሞገድ ራቅ ብሎ በተቀመጠ መቀበያ ለመያዝ ይሞክራል። ሞገዱ መኖሩን ጀርመናዊው ሄርትዝ ቀድሞ አረጋግጧል። ማርኮኒን ያስጨነቀው፣ ትንሽ ራቅ ሲባል ለምን ይጠፋል የሚለው ነው። ዕቃውን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። አንዱን ሽቦ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፣ ሌላውን መሬት ውስጥ ቀበረው። ርቀቱ ጨመረ። ሽቦውን ይበልጥ ከፍ ሲያደርገው ርቀቱም አብሮ ይጨምራል። በመጨረሻ መቀበያው ከኮረብታ ጀርባ ተወሰደ፤ ወንድሙ አልፎንሶ ምልክቱ ከደረሰ ጠመንጃ እንዲተኩስ ተስማሙ። ማርኮኒ ላከ። ከኮረብታው ማዶ ጥይት ጮኸ። ርቀቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር።

አሁን ወደ ቦንጋ ልውሰዳችሁ። ቦንጋ ኮረብታማ ከተማ ናት፤ የካፋ ዝናብና ጫካ ደግሞ ነጋሪ አያሻውም። አጎቴ እዚያ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለው። ለግቢው በር በዋይፋይ የሚሠራ ካሜራ ገጠመ፣ ለበረንዳው በስልክ የሚበራና የሚጠፋ አምፖል። ካሜራው በቀን ሦስት አራቴ ይቋረጣል። የሸጡለት ሰዎች ጋ ሲደውል ዕቃው ተበላሽቷል፣ ሌላ ግዛ አሉት። እኛ ግን መጀመሪያ ካሜራውን ነቅለን ራውተሩ አጠገብ ሰካነው። ቀኑን ሙሉ አንዴም አልተቋረጠም። እንግዲህ ካሜራው ጤነኛ ነው፤ በሽታው ያለው መንገዱ ላይ ነው። ራውተሩ የተቀመጠው ጠረጴዛ ሥር፣ ወለል ላይ፣ ከብረት ካዝና ጀርባ ነው። በሱና በካሜራው መሃል ደግሞ የቆርቆሮ አጥርና በዝናብ የራሰ ቁጥቋጦ አለ። ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል፣ ውሃ የጠገበ ቅጠል ያዳክመዋል። ራውተሩን አውጥተን ወደ በሩ በሚያይ መስኮት በኩል ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ አደረግነው። የፊዚክሱ ምክንያት ከማርኮኒ ሽቦ ጋር ፍጹም አንድ ባይሆንም ዘዴው ያው ነው፦ ዕቃውን ከመውቀስ በፊት መሃሉን መመርመር። መቆራረጡ በጣም ቀነሰ፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ለቀረውም ቢሆን ማርኮኒ መልስ አለው፤ እደርስበታለሁ።

በ1896 ከእናቱ ጋር ወደ ለንደን ሄዶ የፈጠራ መብት እንዲሰጠው አመለከተ። በ1897 በብሪስቶል ሰርጥ ላይ፣ በ1899 እንግሊዝንና ፈረንሳይን በሚለየው ባሕር ላይ መልእክት አሻገረ። ኩባንያም አቋቋመ። ከዚያ ዓይኑን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ጣለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ምዕራፍ የለውምና። በእንግሊዝ አገር ፖልዱ በሚባል ቦታ ያስተከላቸው ግዙፍ የአንቴና ምሰሶዎች በመስከረም 1901 በማዕበል ወደቁ። አላቆመም፤ በሌላ ተክቶ ራሱ ወደ ካናዳ ጠረፍ፣ ኒውፋውንድላንድ ተሻገረ። እዚያ የመቀበያውን ሽቦ የሚሸከምለት ምሰሶ ስለሌለ በካይት፣ ልጆች በሚያበሩት ዓይነት ማለት ነው፣ ሰማይ ላይ አወጣው። በዲሴምበር 12 ቀን 1901 ከፖልዱ የተላኩትን ሦስት የሞርስ ነጥቦች በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁ አለ። ርቀቱ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዓለም ጉድ አለ። ግን ማስረጃው ምንድነው? የሰሙት እሱና ረዳቱ ኬምፕ ብቻ ናቸው፤ በወረቀት ላይ የተቀረጸ ነገር የለም። እስከ ዛሬም የሚጠራጠሩ አሉ። ማርኮኒ ራሱ ጥርጣሬው ስለገባው ይመስለኛል፣ በየካቲት 1902 ፊላደልፊያ በምትባል መርከብ ተሳፍሮ እየራቀ ሲሄድ ምልክቶቹን በወረቀት ጥብጣብ አስቀረጸ፣ የመርከቡንም ካፒቴን አስፈረመ። ምንጭህን አረጋግጥ የሚባለው ይሄ ነው። በዚያው ጉዞ ሌላ ነገር አየ፦ ምልክቱ በሌሊት በጣም ሩቅ ሲደርስ በቀን ቶሎ ይጠፋል። ያው ማሽን፣ ያው ሽቦ፣ የተለወጠው ሰማዩ ብቻ ነው።

የመጠላለፉ ነገር ደግሞ አለ። በመጀመሪያ ዘመን ማሰራጫዎች ሁሉ ባንድ ላይ ስለሚጮሁ ሁለት ጣቢያ ከተቀራረበ አንዱ ሌላውን ያደነቁራል። ማርኮኒ በ1900 እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ የሞገድ ልክ እንዲኖረው የሚያደርግ ዘዴ አስመዘገበ፤ የመብቱ ቁጥር 7777 ነው። የአጎቴ ካሜራ ቀሪ ችግር እዚህ ላይ ነበር። ራውተሩ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራል። 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ይከብደዋል፤ አብዛኞቹ አምፖሎችና ርካሽ ካሜራዎች የሚያውቁት 2.4ን ብቻ ነው። በዚህኛው ላይ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት ቻናሎች ደግሞ 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የጎረቤት ራውተሮች 6 ላይ ተሰብስበው ነበር፤ የአጎቴን ወደ 1 አዛወርነው። በቃ።

ያ የ7777 መብት ግን ምስጢር አይጠብቅም። በሰኔ 1903 ለንደን ውስጥ ፕሮፌሰር ፍሌሚንግ የማርኮኒን ሥራ ለሕዝብ ሲያሳይ፣ ኔቪል ማስከላይን የሚባል አስማተኛ ከአቅራቢያው ሆኖ የራሱን ማሰራጫ ከፍቶ በስድብና በሹፈት የተሞላ መልእክት አስገባበት። እንግዲህ ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ የመጣበትን የይለፍ ቃል ሳይለውጥ የሚጠቀም ሰው ማስከላይንን ያስታውስ። በነገራችን ላይ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ስትለውጡ አምፖሉም ካሜራውም አዲሱን ካልነገራችኋቸው አይመለሱም። ሰዉ ይህን ረስቶ ዕቃው ተበላሸ ይላል።

በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ከ700 በላይ ሰዎች የዳኑት የማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኞች በላኩት የድረሱልን ጥሪ ነው። የበለጠ ቅርብ የነበረችው ካሊፎርኒያን ግን አልሰማችም፤ የራዲዮ ሠራተኛዋ መሣሪያውን ዘግቶ ተኝቷል። ቀደም ሲል ስለ በረዶው ሊያስጠነቅቅ ሲሞክር የታይታኒኩ ሠራተኛ ዝም በል ብሎት ነበር። አንዱ ሲጣራ ሌላው ካልነቃ ግንኙነት የለም። የኛም ቤት እንዲሁ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፖሉ ወዲያው ይነሳል፣ ራውተሩ ግን ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። አምፖሉ ተጣርቶ መልስ ሲያጣ አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። ራውተሩ እስኪነሳ ጠብቆ አምፖሉን አጥፍቶ ማብራት ነው፤ ከተቻለም ለራውተሩ ትንሽ ባትሪ መግዛት።

ኖቤሉን በ1909 ከጀርመናዊው ብራውን ጋር ተካፍሏል። በ1912 በመኪና አደጋ ቀኝ ዓይኑን አጣ። ኤሌትራ የምትባል መርከብ ገዝቶ ተንሳፋፊ ላቦራቶሪ አደረጋት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልግባ። ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1930 ሙሶሊኒ የኢጣልያ አካዳሚ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመው። ያለ ፍላጎቱ ነው የሚሉለት አሉ፤ እኔ አልቀበለውም፤ ዓለም ሁሉ የሚያከብረው ባለ ኖቤል እምቢ ቢል የሚጠጋው አገር አያጣም ነበር።

በኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1928፣ በነሱ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1935፣ አፄ ኃይለሥላሴ ከአቃቂ ጣቢያ በራዲዮ ለአሜሪካ ሕዝብ ተናገሩ። ጣቢያውን ያቆመው የጣልያኑ አንሳልዶ ኩባንያ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ወረራው ተጀመረ። ያኔ ማርኮኒ በእንግሊዙ ቢቢሲ ቀርቦ የኢጣልያን አቋም ለማስረዳት ጠየቀ፤ ቢቢሲ ከለከለው። ራዲዮን ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው ማይክራፎን ተነፈገ። እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ መናገር መከልከሉ ይከብደኛል። እንደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ሊናገር የፈለገው ነገር በመርዝ ጋዝ ለሚካሄድ ጦርነት ጥብቅና እንደነበር አልረሳም። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም፤ ክፍል ውስጥ ብንከራከርበት ደስ ይለኛል።

በጦርነቱ ራዲዮ የነሱ ጉልበት ነበር። የጣልያን ጦርና አውሮፕላኖች በሱ ይነጋገራሉ፣ የኛን ወገን የራዲዮ መልእክትም ይጠልፋሉ። አዲስ አበባ በግንቦት 1936 ስትያዝ በንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴነት የቀሩት ራስ እምሩ ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር በምዕራብ ተዋጉ። በዲሴምበር 1936 ተከበው እጃቸውን የሰጡት ጎጀብ ወንዝ ላይ ነው፤ ዛሬ ካፋን ከጅማ የሚለየው፣ ከጅማ ወደ ቦንጋ ስንሄድ በድልድይ የምንሻገረው ወንዝ።

የሚገርመው በነዚያው ዓመታት ማርኮኒ ወደ ዛሬው ዋይፋይ በጣም ቀርቦ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቫቲካንን ከጳጳሱ የበጋ መኖሪያ ካስቴል ጋንዶልፎ ጋር ያገናኘበት ሞገድ ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። የኛ 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው።

ማርኮኒ በጁላይ 20 ቀን 1937 ሮም ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ። 63 ዓመቱ ነበር። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ከተፈጸመ ገና አምስት ወሩ ነው። በማግስቱ ለክብሩ ሲባል በብዙ አገር ያሉ የራዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ማሰራጫቸውን ዘጉ፤ ከነሱ አንዱ ያኔ የከለከለው ቢቢሲ ነው። ራስ እምሩ በዚያን ጊዜ ኢጣልያ ውስጥ፣ ፖንዛ በምትባል ደሴት ላይ እስረኛ ነበሩ።