ሲልቪያ ፓንክረስት፦ መንግሥታቸውን የሞገቱ የኢትዮጵያ ወዳጅ

የእንግሊዝ ፖለቲካ ለኛ ለደልጊ ልጆች የሩቅ ወሬ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1925 እንግሊዝና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ፣ አንዷ በጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ ሌላዋ የባቡር ሐዲድ እንድትዘረጋ ሊደጋገፉ ተስማምተው ነበር። ኢትዮጵያም በ1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። ታዲያ እንግሊዞች ሁሉ እንደ መንግሥታቸው ያስቡ ነበር ማለት ነው? አይደለም። የሲልቪያ ፓንክረስት ሕይወት ለዚህ ምስክር ነው።

ሲልቪያ በ1882 ማንቸስተር ተወለዱ። ከእናታቸው ከኤመሊን ጋር ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉ ብዙ ጊዜ ታስረዋል፤ እስር ቤትም የረሃብ አድማ አድርገዋል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እናትየው ጦርነቱን ደገፉ፣ ልጅየው ተቃወሙ፤ መንገዳቸውም ተለያየ። ሴቶች ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት ያገኙት በ1928 ነው።

ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወርም ሲልቪያ ዝም አላሉም። በ1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለ ጋዜጣ አቋቋሙ። መንግሥታቸው በ1938 ለወረራው እውቅና ሲሰጥ እንኳ ጋዜጣው አልቆመም። ከድል በኋላም እንግሊዝ ኦጋዴንን ይዛ መቆየቷን አጥብቀው ተቃወሙ።

በ1956 አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ። በ1960 ሲያርፉ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

እንግዲህ እኛም ስለ አንድ አገር ፖለቲካ ስንወያይ መንግሥቱንና ሕዝቡን ለይተን ብናይ መልካም ነው። እንግሊዝ እንዲህ አለች ብለን ብቻ ካለፍን፣ እንደ ሲልቪያ ያሉትን ሳናያቸው እንቀራለን።