ማይክል ፋራዴይና የስበት ምሥጢር

በዚህ ጽሑፋችን የምናስታውሰው ሰው የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው። ስሙ ማይክል ፋራዴይ ይባላል። ኤሌክትሪክ ለሚያመነጨው መሣሪያ መሠረት የጣለ መሆኑን በትምህርት ቤት ስለ ተማርን ያንን አናስረዝምም። እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ሳይሳካለት የቀረው ሥራው ነው። (ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፋራዴይ በ1791 ዓ.ም. በሎንዶን አጠገብ ተወለደ። ቤተሰቡ ድኻ ነበር፤ ኑሮ በከፋበት ወራት ለእርሱ የሚደርሰው በሳምንት አንድ ዳቦ ብቻ እንደ ነበር ይነገራል። በ14 ዓመቱ ከአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ለሰባት ዓመት ሙያ ሊማር ገባ። ለጥረዛ የሚመጣውን መጽሐፍም ከመጠረዝ አልፎ ያነበው ጀመር፤ ስለ ኤሌክትሪክ ያነበበውም ለጥረዛ በመጣ ኢንሳይክሎፔዲያ ላይ ነው። በ1812 የታወቀው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ የሰጠውን ትምህርት አራት ጊዜ ሄዶ አዳመጠ፤ የያዘውን ማስታወሻ በገዛ እጁ ጠርዞ ላከለት። በሚቀጥለው ዓመት በሮያል ኢንስቲትዩሽን የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። የጠራዥነት ሙያው እንዲህ ጠቀመው!

በ1831 የሚንቀሳቀስ ማግኔት በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሣ አገኘ። በ1845 ደግሞ ማግኔት በብርሃን ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ አሳየ። ከፍተኛ ሒሳብ ስለማያውቅ ነገሩን ሁሉ በዓይነ ኅሊናው ይሥለው ነበር። በማግኔት ዙሪያ የብረት ብናኝ ሲበተን የሚታዩትን መሥመሮች አይታችኋል? ሌሎች ባዶ ነው የሚሉትን ቦታ እርሱ እንደ ገመድ በተወጠሩ የኃይል መሥመሮች የተሞላ አድርጎ አየው። ዛሬ የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ የምንለው ይህ ነው።

ፋራዴይ በአንዲት አነስተኛ ማኅበረ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው። የተፈጥሮ ኃይሎችም ሁሉ ከአንድ ፈጣሪ ናቸውና እርስ በርሳቸው ይዛመዳሉ ብሎ ያምን ነበር። ታዲያ ስበት ብቻውን ለምን ይቀራል? በ1849 ይህን ሊፈትን ተነሣ። የሽቦ ጥቅል የተጠመጠመባቸውን የመዳብና የሌሎች ነገሮች ዘንጎች ከትምህርት አዳራሹ ጣሪያ ወደ ታች እየለቀቀ፣ በሚወድቁበት ጊዜ ኤሌክትሪክ ይፈጠር እንደ ሆነ ተመለከተ። ሊያሳስቱት የሚችሉትን ምክንያቶች አንድ በአንድ ካስወገደ በኋላ ምንም አላገኘም። በ1850 አለማግኘቱን በሊቃውንቱ ማኅበር ፊት በግልጽ ተናገረ፤ እምነቱ ግን አልተናወጠም።

በ1859፣ በ67 ዓመቱ፣ እንደ ገና ሞከረ። በሎንዶን የቀለጠ እርሳስ ከላይ እየፈሰሰ የጥይት ፍሬ የሚሠራበት ረጅም ግንብ ነበረ። በዚያ ከባድ እርሳስ ሽቅብ እያስነሣ ቁልቁል እያስወረደ ኤሌክትሪክ ወይም ሙቀት ፈለገ። አሁንም ምንም አልነበረም። ስለዚሁ የጻፈውን ጽሑፍ ለማሳተም አቅርቦ ሳለ፣ ስቶክስ የተባለው ሊቅ ባይታተም ይሻላል ብሎ ስለ መከረው መልሶ ወሰደው። በ1867 ዐረፈ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1915 አልበርት አይንስታይን የጠቅላላ አንጻራዊነትን ንድፈ ሐሳብ በበርሊን አቀረበ። በዚህ ትምህርት ስበት የቦታና የጊዜ መጉበጥ ነው። የሚያጎብጠውም ድንጋይና ብረት ብቻ አይደለም፤ ሊቃውንት ኢነርጂ የሚሉት ጉልበት፣ ግፊትና ውጥረትም ጭምር ነው። መስክ ደግሞ አንዳች ቁስ በሌለበት ባዶ ቦታ እንኳ ጉልበት አለው። ስለዚህ መስኩ ራሱ ይስባል ማለት ነው። ፋራዴይ በኅሊናው ያያቸው የመሥመሮቹ ውጥረት ሳይቀር በአይንስታይን ሒሳብ ይቆጠራል። በ1916 ራይስነር፣ በ1918 ኖርድስትረም በኤሌክትሪክ በተሞላ አካል ዙሪያ ያለውን ስበት በዚሁ መንገድ አሰሉት።

ይሁን እንጂ ፋራዴይ ልክ ነበረ ብለን ልናሞግሰው አንሻም። እርሱ የፈለገው ከሚወድቅ እርሳስ የሚወጣ ኤሌክትሪክ ነው፤ ያም እስከ ዛሬ አልተገኘም። የተገኘው መልስ እርሱ ባልጠየቀው በኩል ነው። መጠኑም እጅግ ትንሽ ነው። ለሕክምና ምርመራ የሚያገለግለው ኤም.አር.አይ. ብዙውን ጊዜ 1.5 ቴስላ የሚሆን ብርቱ ማግኔት አለው። አንድ ሜትር ኩብ ቦታ በዚህ መስክ ቢሞላ፣ የመስኩ ጉልበት የሚመዝነው ከ1 ግራም አንድ መቶ ሚሊዮንኛውን ያህል ነው።

በአተም አስኳል ውስጥ ግን እንዲህ አይደለም። በእርሳስ አስኳል ውስጥ 82 ፕሮቶኖች በጠባብ ስፍራ ተጨናንቀው ይገፋፋሉ። የዚህ የኤሌክትሪክ ጉልበት ድርሻ ሲሰላ ከ100 ኪሎ እርሳስ 400 ግራም ያህል ይሆናል። ፋራዴይ በግንቡ ላይ ሽቅብ ያስነሣው እርሳስ ይህንኑ ይዞ ነበር፤ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ ግን በዘመኑ አልነበረም።

መመዘን አንድ ነገር ነው፤ ሌላውን መሳብ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ክሮይዘር የተባለ ተመራማሪ በ1968 ያሳተመውን ሙከራ አደረገ። ቴፍሎንን ልክ እንደ እርሱ በሚከብድ ፈሳሽ ውስጥ አስቀምጦ ወዲያና ወዲህ አመላለሰው። ቴፍሎን ፍሎሪን፣ ፈሳሹ ብሮሚን ይበዛበታል፤ የኤሌክትሪክ ጉልበት ድርሻውም በብሮሚን ይበልጣል። ይህ ጉልበት እየከበደ የማይስብ ቢሆን ኖሮ፣ ቴፍሎኑ ባለፈ ቁጥር በአጠገቡ የተንጠለጠለው ስስ ሚዛን ዘወር ይል ነበር። ሚዛኑ ግን ከመቶ ሺህ አምስት ያህል የሚሆን ልዩነት እንኳ አላሳየም።