ሶጆርነር ትሩዝ

ትምህርታችንን ልንፈጽም የተቃረብን እኛ ተማሪዎች፥ ፊደል ያልቈጠረች አንዲት ሴት ለዓለም ያስተማረችውን ለአንባቢዎቻችን ብናቀርብ መልካም መስሎ ታየን። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኢሳቤላ በ1797 ገደማ በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት ከባሮች ተወለደች። በዘጠኝ ዓመቷ ከበጎች ጋር በ100 ዶላር ተሸጠች። በ1826 ጨቅላ ሴት ልጇን ታቅፋ ከጌታዋ ቤት ወጣች። ወንድ ልጇ ፒተር ከሕግ ውጭ ተሸጦ ወደ አላባማ መወሰዱን በሰማች ጊዜም በፍርድ ቤት ተሟግታ በ1828 አስመለሰችው።

በ1843 እግዚአብሔር ለስብከት እንደ ጠራት አምና ስሟን ሶጆርነር ትሩዝ አለች፤ ትርጓሜውም መጻተኛ እውነት ማለት ነው። ቅዱስ መጽሐፍን በሕፃናት ታስነብብ ነበር፤ ዐዋቂዎቹ የራሳቸውን ሐሳብ ሲጨምሩባት፥ ሕፃናቱ የተጻፈውን ብቻ ይደግሙላት ነበርና።

በ1851 በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ በተደረገው የሴቶች ጉባኤ፥ እንደ ወንድ ማረሷንና ማጨዷን፥ ክርስቶስም ከሴት መወለዱን ጠቅሳ ስለ ሴቶች መብት ተከራከረች። ባርነት በ1865 ከተሻረ በኋላም ዝም አላለችም። መብት ለጥቁር ወንዶች ብቻ ተሰጥቶ ለጥቁር ሴቶች ቢቀር፥ ሴቲቱ ጌታ ለወጠች እንጂ ነፃ አልወጣችም ስትል በ1867 አስጠነቀቀች። በዘርና በሴትነት የሚደርሰው በደል ለርስዋ ሁለት አልነበረም፤ ሁሉን የፈጠረ አንድ አምላክ ነውና።

በ1883 በሚሺጋን ግዛት ዐረፈች። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ምርጫን በሴትነት መከልከልን ያገደው በ1920 ስለ ሆነ ፍሬውን አላየችም።

እንግዲህ ማንበብ የተሰጠን እኛ፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ የተጻፈውን ለራሳችን በሚመች መንገድ እንዳንተረጕም ከዚህች መጻተኛ እንማር።