ጥንቸሏን ቀስ በቀስ ያቀረቡት ሴት

በእኛ በውርጌሳ ልጅ አልተኛ ሲል አያ ጅቦን የማይጠራ ቤት ጥቂት ነው። ውሻ ወይም ድመት ባየ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ ልጅ ሲገጥመን ደግሞ ወይ እንስቅበታለን ወይ እንቆጣዋለን። ሁለቱም እንደማይጠቅሙ ከመቶ ዓመት በፊት ፈትነው ያሳዩ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ይህን የምጽፈው ስለእርሳቸው ነው።

ሜሪ ከቨር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1897 በአሜሪካ፣ በፔንስልቬንያ ግዛት፣ ጆንስታውን ከተማ ተወለዱ። በ1919 ቫሳር ከተባለው የሴቶች ኮሌጅ ተመርቀው በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ማጥናት ቀጠሉ። በዚያው ጊዜ ጆን ዋትሰን የተባሉ ስመ ጥር ምሁር፣ የሜሪ የኮሌጅ ጓደኛ ከነበረችው ከሮዛሊ ሬይነር ጋር ሆነው፣ አልበርት የተባለ ሕፃን ነጭ አይጥ እንዲፈራ አድርገው ነበር። ሕፃኑ አይጧን ሲነካ ከጀርባው ብረት በመዶሻ ይመቱ ነበር። ፍርሃቱን ሳያስለቅቁትም ሕፃኑ ከእጃቸው ወጣ። ይህ እኔን እናትን ያናድደኛል። ሜሪ ግን ጥያቄውን ገለበጡት፦ የገባ ፍርሃት እንዴት ይወጣል?

ዋትሰን እያማከሯቸው፣ በሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ያሉ ልጆችን ይዘው ልዩ ልዩ መንገድ ሞከሩ። ዝም ብሎ ጊዜ እስኪያልፍ መጠበቅ አልሠራም። በጓደኞቹ ፊት ማሾፍም አልሠራም። ለአንዲት ልጅ ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ስለ ጥንቸል መልካም መልካሙን ነገሯት፤ እውነተኛዋ ጥንቸል ስትመጣ ግን ልጅቷ ውሰዱልኝ ብላ አለቀሰች። ምክር ብቻውን ፍርሃትን አይነቅልም ማለት ነው።

ከዚያ ሦስት ዓመት ያልሞላው ፒተር መጣ። ጥንቸል፣ አይጥ፣ የጠጉር ካፖርት፣ ላባ፣ ጥጥ ሳይቀር ይፈራ ነበር። በመጀመሪያ ጥንቸል ከማይፈሩ ልጆች ጋር አጫወቱት፤ እነርሱን እያየ ይደፍር ጀመር። መሻሻሉ ሳይጸና ታመመና ሆስፒታል ገባ። ሲወጣም ታክሲ ሊሳፈር ሲል ትልቅ ውሻ ዘሎበት ኖሮ፣ ፍርሃቱ እንደገና አገረሸበት። ሜሪ ተስፋ አልቆረጡም። ፒተርን ወንበር ላይ አስቀምጠው የሚወደውን ምግብ ሰጡት፤ ጥንቸሏ በሽቦ ሳጥን ሆና ከሩቅ ትታያለች። ባልተጨነቀ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ያቀርቧታል። በስተመጨረሻ ጥንቸሏ ጣቱን ስትቀምስ ዝም ብሎ የሚያይ ልጅ ሆነ። ይህ በ1924 ታተመ።

እዚህ ላይ ለእናቶች አንድ ነገር ልጨምር። ሜሪ ራሳቸው እንዳስጠነቀቁት፣ ሰው ከቸኮለ ነገሩ ይገለበጣል፤ ልጁ እንስሳውን መውደድ ሲገባው ምግቡን መፍራት ይጀምራል። ልጅን ጎትቶ ውሻ ላይ መግፋት እንግዲህ ሕክምና አይደለም። ደግሞም ያላወቁትን የመንደር ውሻ መሸሽ በሽታ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ውሻ የነከሰውን ሰው ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለአሥራ አምስት ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ሕክምና የሚያሻው፣ ታስሮ የተቀመጠውን የጎረቤት ውሻ ፈርቶ ትምህርት ቤት መሄድ ያቆመው ልጅ ነው።

ወይዘሮ ሜሪ በ1926 ዶክትሬታቸውን ያዙ። በ1927 ከባለቤታቸው ከሃሮልድ ጆንስ ጋር ወደ ካሊፎርኒያ፣ በርክሊ ሄዱ። ባለቤታቸው እዚያ ፕሮፌሰር ሲሆኑ፣ እርሳቸው ግን የባልና ሚስትን አብሮ መቀጠር በሚከለክለው ደንብ ምክንያት ለሃያ አምስት ዓመት ያህል በተመራማሪነት ብቻ ሠሩ። ማዕረጉን በ1952 አግኝተው፣ ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑት በ1959 ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ወጡ። እስከዚያ ድረስ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ የኦክላንድ ልጆችን ከልጅነት እስከ ጉልምስና ከተከታተሉት ምሁራን አንዷ ነበሩ።

የፒተርን ነገር ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰው አላስታወሰውም። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ወልፒ በ1950ዎቹ ተመሳሳይ ሕክምና ሲያስፋፉ ነው የሜሪ ስም የተነሣው፤ የዘርፉ እናት ብለውም ጠርተዋቸዋል። ዛሬ የሰለጠነ ባለሙያ ሸረሪት ወይም ውሻ የሚፈራን ሰው በአንድ ቀን፣ እስከ ሦስት ሰዓት በሚደርስ ቆይታ ሊረዳ ይችላል።

ሜሪ በ1987 አረፉ። በእርጅናቸው ስለ ፒተር ሲጽፉ፣ አሁን ቢሆን ኖሮ ፍርሃቱን ብቻ ነጥለው እንደማያክሙ፣ ልጁን እንደ ውስብስብ ሙሉ ሰው እንደሚመለከቱት ገልጸዋል።